በለቅሶ ድንኳን ያደልኳቸው ድመቶች

እማ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። አንቺ ባለሽበት ቀን ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን አንድም ሳልዘል እቆጥራለሁ። ቀን መቁጠር አሁን ሥራዬ ሆኗል። እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ወደ ታች ስደርስ ትረጂዋለሽ።

እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። ተቀይሜሽ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ሲቀየሙት ፊት ይነሱታል፣ ያቀረበውን አልበላም ይሉታል። የሞተን ሰው ሲቀየሙት ምን እንደሚደረግ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ዝም አልኩሽ። ዝምታ መቼም አውቅበታለሁ፤ አንቺው ራስሽ "ይቺ ልጅ ስትናገር ከንፈሯን ማየት ያስፈልጋል" ትዪኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቤታችን የለም። አከራያችን አርባሽ እስኪወጣ ታገሠና ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ሰጠው። ሰውየው በሩን አረንጓዴ ቀብቶታል። ድመቶቹን የምናሳድግባት ጓዳ አሁን ሞተር ሳይክል ይቆምባታል። እኔ እዚያው ግቢ፣ በለቅሶሽ ድንኳን 'እኔ ልያዛት' ያለችው እትዬ ዘነበች ጋ ነኝ፤ ልጇ ጅዳ ስትሄድ ባዶ በቀረችው ክፍል። ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። አትመታኝም፣ አታስርበኝም። በስሜም አትጠራኝም። አንድ ነገር ስትፈልግ "እዚያ ያለሽው" ትላለች።

አጎቴ ከአዳማ መጥቶ በድንኳኑ ሰው ሁሉ ፊት "ልጅቷን እኔ ነኝ የማስተምራት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥቼ እወስዳታለሁ" ያለውን ታስታውሻለሽ ልልሽ ነበር። ለካ አንቺ አልነበርሽም። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት፤ ያለቀሱም ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ መስከረም ሲጠባ ተከፈተ። ስልኩን አያነሳም። እኔም ስምንተኛ ክፍል ሳልመዘገብ ቀረሁ። አልቀየምኩትም፤ ለምን እንዳልተቀየምኩት ከድመቶቹ ታሪክ ትረጂያለሽ።

የእኛ አገር ሰው የድመት ልጅ አይገድልም። ይህን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። አንዱ ኃጢአት ነው ይላል፣ ሌላው ሐራም ነው ይላል፣ እጁን የሚያነሳ የለም። ዓይናቸውን ያልገለጡትን ከረጢት ውስጥ ይከትና አፉን አስሮ ከጫት ተራ በታች ባለው ቦይ ዳር ያስቀምጣቸዋል። "ፈጣሪ ያውቅላቸዋል" ብሎም ይሄዳል። ከረጢቱን የሚፈታው ግን ፈጣሪ አልነበረም። ጤና ጣቢያውን ጠርገሽ፣ ወለሉን ወልውለሽ፣ እጅሽ በረኪና እየሸተተ የምትመለሺው አንቺ ነበርሽ።

አንቺም ሁሉንም አታድኝም ነበር። ትንሿን ጣትሽን አፋቸው ውስጥ ታስገቢና የማይጠባውን ለብቻው ታስቀምጪዋለሽ። ለብቻው የተቀመጠው ቀኑን አይጨርስም። አንድ ጊዜ "ለምን አትሞክሪለትም?" ብዬ ሳለቅስ "ወተቱ ለሦስት ነው የሚበቃው" ብለሽ ጀርባሽን ሰጠሽኝ። ከዚያ ለሦስቱ በሲሪንጅ ወተት ሰጥተሽ፣ ሆዳቸውን በእርጥብ ጥጥ አሽተሽ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ መሐላቸው አስተኛሽላቸው። እኔ ያን ቀን ስታለቅሺ አላየሁሽም። እጅሽ ግን ከወትሮው ይልቅ ቀስ ይል ነበር።

ጓዳችን ከአራት በላይ ስለማትይዝ የሚያቆይ ቤት ትፈልጊ ነበር። "ስጦታ አይደለም፤ ጥርስ አውጥቶ ሥጋ እስኪበላ አቆዩልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ" ነበር የምትዪያቸው። ይህን ለማለት ግን አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ትሄጃለሽ። በመጀመሪያው ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ታወሪያለሽ። በሁለተኛው እቤት ድመት እንዳለሽ ታነሻለሽ፣ ምንም አትጠይቂም። በሦስተኛው ነው የምትጠይቂው። እኔ ከኋላሽ ቆሜ ጫማዬን እያየሁ ይህ ሁሉ መንገድ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ የተዳረች ቀን ትዝ ይልሻል? የሙሽራዋ እናት እየሳመችሽ "የምትፈልጊውን ጠይቂኝ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል" አለችሽ። ጓዳችን ውስጥ ስድስት ነበሩ፣ ቦታ ጠቦን ነበር። እኔ ቀሚስሽን ጎተትኩሽ። አንቺ ግን ስለ ድመቶቹ አላነሣሽም። ስንመለስ "ለምን አልጠየቅሻትም?" ስልሽ "ዛሬማ እምቢ አትለኝም" አልሽ። ሌላ አልጨመርሽም። እኔ ደግሞ ያንን ሰምቼ ሞኝ መሰልሽኝ። እምቢ የማትል ከሆነማ መጠየቂያው ያን ቀን ነበር ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ አስቤ በልቤ አስቀመጥኩት።

ስትሞቺ ጓዳው ውስጥ አራት ነበሩ። ጥቁሯ፣ ቡሬው፣ ግራጫዋና ቀዮ። ስም እስኪጠነክሩ አይወጣላቸውም ስላልሽ ሌላ ስም የላቸውም ነበር። በሠልስትሽ ጠዋት እትዬ ዘነበች ጠርታ "አንቺን አልኩ እንጂ እነሱን መቼ አልኩ? የድመት ጠጉር ደረቴን ያፍነኛል። ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጊያቸው" አለችኝ። ካርቶኑን አቅፌ በር ላይ ቆምኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በርኅራኄ አይቶኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው የሠርጉ ቀን ቃልሽ የመጣብኝ። ዛሬ ማንም እምቢ አይለኝም።

ገባሁ። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጬ "የእማ ናቸው፣ የሚያቆይልኝ ሰው ፈልጌ ነው" አልኩ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን "ትንፋሽሽ ነው ወይስ ቃልሽ? ጮክ በይ የኔ ልጅ" አሉ፤ ሰው ፈገግ አለ። ደገምኩት። ደግሜ ስናገር አለቀስኩ፤ ሆን ብዬ አልነበረም። አብራሽ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሂሩት ዘላ ተነሥታ ቡሬውንና ግራጫዋን ደረቷ ላይ ለጠፈቻቸው። "የእሷ አደራ አይደል፣ እንዴት ሜዳ ይወድቃል" እያለች አነባች። ጋሽ መኮንን ጥቁሯን በጋቢያቸው ሸፈኗት። እህል ነጋዴዋ እትዬ ዓለሚቱ "መጋዘኔን አይጥ ፈጅቶታል፣ ይሄኛውን ለእኔ" ብላ ቀዮን ወሰደች። ካርቶኑ ባዶ ሆነ። ሁሉም ነፍስሽን ይማር አሉ።

በግልጽ እምቢ ያለችኝ አንዷ ብቻ ነበረች። ጫት ሻጯ አዴ ፋጡማ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሰዎች አየት ሲያደርጓት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ለኪ፣ ኢንተላ ኮ። እኔ አልወስድም የኔ ልጅ። ቀን ቀን ቤት የለሁም፣ ልጆቹ ይረግጡታል። ለኪ" አለች። በኦሮምኛም በአማርኛም እምቢ ስትል ድንኳኑ ቀዘቀዘ። አንድ ሰው "በለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል?" ሲል ሰማሁ። እኔም ጠላኋት። ሦስቱን መረቅኋቸው፣ እሷን ጠላኋት፤ ካንቺ ሞት ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በአምስተኛው ቀን ጥቁሯን አስፋልት ላይ አገኘኋት። መናኸሪያው አጠገብ፣ ድሬዳዋ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች በሚያልፉበት። አገጯ ሥር ባለችው ነጭ ጠጉር ነው ያወቅኋት፤ ሌላው የሚታወቅ አልነበረም። ቆሜ ሳያት አንድ ባጃጅ ነጂ "ድመት እኮ ነች፣ ምን ያስቆምሻል? ቦዩ ጋ ሌላ ሞልቶልሻል" ብሎኝ አለፈ። በላስቲክ አነሣኋት። ከቤት አምልጣባቸው መሰለኝ፤ ጋሽ መኮንን እንዳይፈልጓት ልነግራቸው ሄድኩ። እንዲያውም እንዳያዝኑ እንዴት ብዬ ልጀምር እያልኩ መንገዱን ሙሉ ተለማመድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ገና አፌን ሳልከፍት "መጣሽ? ድመትሽ ደህና ነች። ወተቷን ጠጥታ ተኝታልሻለች" አሉኝ።

ላስቲኩ በእጄ ነበር፣ እማ።

"እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ተመለስኩ። ኋላ ከቤታቸው ጎን ያለችው ሴትዮ እንደነገረችኝ፣ ሚስታቸው ጥቁር ድመት ደጇን እንዳይረግጥ ስላለች ያን ዕለት ከድንኳኑ ወጥተው መንገድ ላይ ነው የለቀቋት። ደግ ሰው ናቸው። ሬሳሽን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ድመቷን የወሰዷት እኔ ስላለቀስኩ ነበር፣ የለቀቋት ደግሞ እኔ ስላላየሁ።

ሲስተር ሂሩት ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጋ "ተኝተዋል፣ ሌላ ቀን ነይ" አለችኝ። እጄ ላይ ብር አስጨብጣ ዓይኔን ሳታይ ዘጋችው። ሦስተኛ አልሄድኩም። ማወቅ አልፈለግኩም።

አርባሽ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ እህል ተራ ወጣሁ። እትዬ ዓለሚቱ ከሩቅ አይታኝ "ነይ ነይ፣ አደራሽን እይ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠብቃዋለች። ማዳበሪያ ከረጢት በሚሰፋበት ናይለን ክር አንገቱን አስራ ከመጋዘኑ ምሰሶ ጋር አያይዛዋለች። "ጠፍቶብኝ ለሟች ነፍስ ምን እመልሳለሁ ብዬ አንድ ቀን አልፈታሁትም" አለችኝ። ክሩን ያሰረችው ቀዮ መዳፍ በሚያህልበት ጊዜ ነው። ቀዮ አደገ። ክሩ አላደገም። ጠጉሩን ገልጬ ሳይ ክሩ አይታይም ነበር፤ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ሽታው ቀድሞኛል። ድምፅ ማውጣት ከተወ ስንት ቀን እንደሆነው እሷም አታውቅም፤ "ጨዋ ሆነልኝ" ነው ያለችኝ። ምላጭ ለምኜ ቆረጥኩለት። ሲቆረጥ አልነከሰኝም። ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አርባሽ ላይ ግቢው ሞላ። ቀዮን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ክፍሌ ደብቄው ነበር። ሰው በልቶ ስለ ደግነትሽ ማውራት ጀመረ። ጋሽ መኮንን "ለፍጥረት ሁሉ የምታዝን ነበረች፤ እኛም አደራዋን ተቀብለናል" አሉ። ሰው አሜን አለ። ያን ጊዜ ዘንቢሉን አምጥቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩት። ከንፈሬን ማንም ሳያይልኝ ተናገርኩ። "ሲስተር፣ ሁለቱ የት አሉ?" አልኳት።

"ጠፉ እኮ" አለች። ከዚያ የቀዮን አንገት አየች። ሳህኗን አስቀመጠች። "ለክትባት ዘመቻ ወደ በደሳ ከተማ ላኩኝ። ሦስት ቀን ነው የተባለው። ወተት አስቀምጬ ዘጋሁባቸው። አሥራ አንድ ቀን ሆነብኝ" አለች። "ምን ማለት ነበረብኝ? የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ እንዴት እምቢ ልበልሽ? ሥራዬን ታውቂያለሽ፣ ብቻዬን እንደምኖር ታውቂያለሽ። እያለቀስሽ እኮ ነው የጠየቅሽኝ" አለችኝ።

ወደ ጋሽ መኮንን ዞርኩ። "እርስዎ ጋ ያለችውስ?" አልኳቸው። "ደህና ነች አልኩሽ እኮ" አሉ። "ቀብሬያታለሁ ጋሼ። ደህና ነች ሲሉኝ በእጄ ይዣት ነበር" አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሡ። "ይቺ ልጅ ድሮ ድምፅ የላትም ነበር። ምነው እንደዚያው በቀረች" ብለው ወጡ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ተከተላቸው። እትዬ ዘነበች ክንዴን ቆንጥጣ "የእናትሽን ተዝካር አረከስሽ። ይሄንን ቁስላም ዛሬ ከቤቴ አውጪ" አለችኝ።

አንድ ቦታ ቀርቶኝ ነበር፤ ገለምሶ። ድመታችንን ሻሼን የሰጠሽበት የኦቦ ጀማል እህል መጋዘን። ሻሼን እንዴት እወዳት እንደነበር ታውቂያለሽ። በሄድሽ ቁጥር እየተመለስሽ ታወሪልኝ ነበር፤ ወፍራለች፣ ሙሽራ መስላለች፣ ሚዛኑ ላይ ካልሆነ አትተኛም፣ ደንበኛ ሲመጣ ሚዛኑን አልለቅም ብላ ታስቃቸዋለች። ሲከፋኝ ሚዛኑ ላይ የተኛችውን ሻሼን አስባለሁ። ስለዚህ ቀዮን ዘንቢል ውስጥ ይዤ በሚኒባስ ገለምሶ ወረድኩ። ሻሼ የኖረችበት ቤት እሱንም አይከለክለውም ብዬ።

ኦቦ ጀማል ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። ሞትሽን አልሰሙም ነበር። ሚዛኑን አየሁት፤ ባዶ ነው። ሻሼ የት አለች አልኳቸው። "እናትሽ ሰባት አመጣችልኝ፣ የቆየልኝ የለም" አሉ። "አይጥ መርዝ ትበላለች፣ ድመቷ አይጧን ትበላለች። ሻሼ በመጣች በአሥረኛ ቀኗ ሞተች።"

"እማ አታውቅም ነበር?" አልኳቸው።

"በዚያው ሳምንት ነገርኳት። መዋሸት አልፈለግኩም። ተቀመጠች፣ ውኃ ጠጣች። ከዚያ 'ሻሼ የት ነው የምትተኛው?' አለችኝ። ሞታለች አልኩሽ እኮ ስላት 'ብትኖር የት ትተኛ ነበር?' አለች። ግራ ገባኝ። ሚዛኑ ላይ አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ ብትኖር ምን ትበላ ነበር፣ ብትኖር ማንን ትፈራ ነበር። እየነገርኳት ትሄዳለች። ለማን እንደምትወስደው አልጠየቅሁም።"

ዘንቢሉን አሳየኋቸው። "ለኪ፣ መርዙ ዛሬም አለ። ለልቤ ስል እሺ ብልሽ እገድልብሻለሁ" አሉኝ። ለመሳፈሪያ እንኳ ምንም አልሰጡኝም። እስከ መንገዱ ግን ሸኙኝ።

እማ፣ የተቀየምኩሽ ይኼ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሞተች ድመት አሳደግሽልኝ። ከዚያች ጋር ስንቱን? በደሳ የሰጠሻትን? ሚኤሶ ባቡር ጣቢያው ዘበኛ ቤት ያለውን ጅራተ ቆራጣ? ሁሉም ደህና ናቸው እያልሽኝ፣ እኔም ቤት ማለት ተሰጥቶ የሚረሳበት ነገር መሰለኝ። እውነቱን ነግረሽኝ ቢሆን ለምን ሦስት ጊዜ እንደምትሄጂ ይገባኝ ነበር። ለምን በሠርግ ቀን እንደማትጠይቂ ይገባኝ ነበር። አራቱን በአንድ ጠዋት በድንኳን ውስጥ አላድላቸውም ነበር። የእኔን ልብ ለማዳን የሦስቱን ነፍስ ሰጠሽ። ይህን ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ሚኤሶ ግን አልሄድኩም። አንዷን ውሸትሽን ሳልነካ ተውኳት።

ከገለምሶ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ አዴ ፋጡማ ጫቷን በቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ልሸሻት ስል "ምንድን ነው የያዝሽው?" አለችኝ። አሳየኋት። አንገቱን አይታ በኦሮምኛ ለራሷ የሆነ ነገር አለች። ከዚያ "በድንኳኑ እምቢ ያልኩሽ ቤቴን ነው። ቤቴ ዛሬም ለኪ ነው። ይሄ ቅርጫት ግን እስከ ሐሙስ ባዶ ነው፣ አጠገቤ ይተኛ፣ ቁስሉንም በጨው ውኃ አጥብለታለሁ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ካልመጣሽ ቦዩ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ ወላሂ" አለችኝ።

ሐሙስ በሰባት ሰዓት ደረስኩ። ቀና ብላ አየችኝ። "መጣሽ?" አለች፤ የምሯን ገርሟት ነበር። ለካ ሰው ድመት አቆዪልኝ ብሎ በሰጣት ቁጥር ተመልሶ የመጣ የለም። ከጎኗ ለምትሸጠው ሴት "ይቺ ልጅ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች" አለቻት። ሴትዮዋም ትንሽ አሰበችና "እኔ እስከ ማክሰኞ እችላለሁ" አለች።

ሥራዬ እንዲህ ጀመረ። አሁን ዘጠኝ ቤት አለኝ። አንዱ ስምንት ቀን ይይዛል፣ አንዱ አራት፣ አንዷ መምህርት ደግሞ ፈተና እስኪደርስ። ደብተሬ ላይ የማን ቀን መቼ እንደሚያልቅ ጽፌያለሁ፤ ከቀኑ በፊት እደርሳለሁ እንጂ አላሳልፍም። ዝናብ ቢሆንም፣ ቢያመኝም። ከቦዩ ያነሣኋቸው ሁለት የድመት ልጆች አሁን ልብስ ሰፊው ጋ ናቸው፤ ዓርብ እወስዳቸዋለሁ። የማይጠባ ሦስተኛ ነበራቸው። ጣቴን አስገብቼ አየሁት፣ ለብቻውም አስቀመጥኩት። እጄ ቀስ ይል እንደነበር አስተውያለሁ። ቀዮ አንገቱ ላይ ጠጉር የማይበቅልበት ቀለበት ቀርቶታል። እሱን የያዘችው ልብስ ተኳሽ ቀኗ ሲደርስ "ልትወስጂው ነው?" አለችኝ አንገቷን ደፍታ። ወሰድኩት። በሁለተኛው ሳምንት ራሷ እቤት ድረስ መጣች። አሁንም አልሰጠኋትም፤ ሌላ አንድ ጊዜ እንድትመጣ እየጠበቅሁ ነው።

ስጠይቅ አላለቅስም። ለቅሶ ቤት አልጠይቅም፣ ክርስትና ላይ አልጠይቅም፣ የታመመ ቤት አልጠይቅም። ካንቺ የተለየሁበት አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ "እምቢ ማለት ይችላሉ" እላለሁ። ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ጋሽ መኮንን በመንገድ ሲያገኙኝ ይሻገራሉ። ሲስተር ሂሩት ግን አንድ ቀን ጠርታ "አልችልም። ምንም አልችልም። አትጠይቂኝ" አለችኝ። አቀፍኳት።

ስምሽንም አልጠራም። ስምሽን ከጠራሁ እምቢ የሚለኝ የለም። ድመቶቹን የያዙት ሰዎች ግማሾቹ እናቴ ማን እንደነበረች አያውቁም።

ባለፈው እሑድ እትዬ ዘነበችን ልብሷን ሳጣጥፍላት ጠየቅኋት። "በለቅሶ ድንኳን ነው እሺ ያልሽው። ያኔ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። አሁን ይቻላል" አልኳት። ቆጣ ልትል ነበር። ከዚያ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ። "ልጄ ለፋሲካ ትመጣለች። ክፍሏ ነው። እስከ ፋሲካ ነው፤ ከዚያ በላይ አልችልም፤ እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር" አለችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ አየሁት። እኔም የወረደልኝ ነገር ነበር፤ ያን ዕለት ሁለታችንም ከአንድ ትሪ በላን። ደብተሬ ላይ ከድመቶቹ ሥር የእኔን ቀን ጻፍኩት።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት እወጣለሁ፤ ከቀኑ አላሳልፍም። የት እንደምሄድ ገና አላውቅም። ነገ አዴ ፋጡማ ጋ ሄጄ ለራሴ ማረፊያ እጠይቃታለሁ። ለኪ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የምጠብቀው ከዚያ ቀጥላ የምትናገረውን ነው። አላለቅስባትም፣ ስምሽንም አልጠራባትም። እማ፣ እስክሞት የማስታውስሽ እንዲህ ነው፤ በየበሩ ስምሽን ሳልጠራ ውጬው እየተመለስኩ።

ልጅሽ